የባለ ጋቢው የመጨረሻ ስምንት ገጾች

የጋሽ አስገዶም ዓይን እየጠፋ መሆኑን ለሁለት ዓመት ያህል የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ ሐኪሙ፣ ሚስቱ አምሳለና እኔ። ሐኪሙ በመሣሪያ ለክቶ ነው ያወቀው። አምሳለ ሻይ ስታቀብለው ነው የነቃችው፤ ብርጭቆውን ከፊት ለፊቱ ስትይዝለት ይቀበላታል፣ ከጎኑ ስታቀርብለት ግን እጇ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እኔ ያወቅሁት ተቀይሜው ነው። ካዛንቺስ ያለው ቢሮአችን በር ላይ ቆሜ እጄን ባውለበልብለት ዝም ብሎኝ አለፈ። የኮራብኝ መስሎኝ ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በሦስተኛው ቀን እኔ የምሠራበት መዝገብ ቤት ድረስ መጣና በሩን ከኋላው ዘጋ።

«አንተ ልጅ፣ ምን አድርጌህ ነው የዘጋኸኝ?»

ልጅ የሚለኝ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ሆኖ ነው። እሱ ሃምሳ ሦስት ነበር።

«አንተ ነህ እንጂ የዘጋኸኝ ጋሼ። ሰላም ስልህ አለፍከኝ እኮ!»

«በየት በኩል ነበር የቆምከው?»

«በስተግራህ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እንግዲያው አላየሁህም» አለ። «በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቀህ ታውቃለህ? አሁን የማየው እንደዚያ ነው። ቀዳዳው ላይ ያለው ጥርት ብሎ ይታየኛል። ዙሪያው ግን የለም። ጨለማ እንኳ አይደለም፤ በቃ የለም።» ከዚያ እጄን ያዘኝ። «ለማንም እንዳትተነፍስ። ባለ ጋቢውን ልጨርሰው።»

ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው ብሎታል። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። የቀረው ምን ያህል እንደሚቆይ ሲጠይቀው ግን ሐኪሙ እርግጠኛ መልስ አልሰጠውም።

ጋሽ አስገዶም ከአዲግራት በዘጠኝ ዓመቱ ከአጎቱ ጋር መጥቶ ላንቻ ነው ያደገው። አጎቱ ታፔላ ጻፊ ነበር። ልጁ መጀመሪያ ብሩሽ አጠበ፣ ቀጥሎ ፊደል ሞላ፣ ከዚያ የፀጉር ቤት ጭንቅላቶችንና የሥጋ ቤት በሬዎችን ሣለ። በደርግ ዘመን አራት ፎቅ የሚያህሉ የመሪዎች ምስሎችን ከሌሎች ሠዓሊዎች ጋር በካሬ በካሬ ተከፋፍሎ ሠርቷል። «እኔ የደረሰኝ ጆሮ ነበር» ይላል። «ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ጆሮ ላይ ተንጠልጥዬ ከረምኩ። ሲያልቅ ማን እንደሆነ ያወቅኩት እንደማንኛውም ሰው አደባባይ ቆሜ ነው።»

በ1992 ዓ.ም. እኔ ተቀጥሬ የምሠራበት የሕፃናት ማኅበር ለትምህርት ቤቶች የሚበተን ኮሚክ ለማሳተም ሠዓሊ ፈለገ። ከኡራኤል ወረድ ብሎ ካለችው አንድ ክፍል የቀበሌ ቤቱ አንድ ቅጠል ወረቀት ይዞ የመጣው እሱ ነበር። ወረቀቱ ላይ አንድ እንቅልፋም ዘበኛ አለ። ቀን ቀን የእህል መጋዘን በር ላይ ያንቀላፋል። አንድ ሰው «ኧረ የሰው ያለህ!» ብሎ ሲጮህ ጋቢው ነፋስ ይሞላና ዘበኛውን ከነዱላው ያነሣዋል። ባለ ጋቢው የተወለደው እንዲህ ነው።

በዓመት አንድ መጽሐፍ ወጣ። እያንዳንዱ ሠላሳ ሁለት ገጽ ነበር። ሦስተኛው መጽሐፍ የሚያጠነጥነው ጋቢው ታጥቦ በተሰጣበት አንድ ቀን ላይ ነው፤ ሌቦቹ የማጠቢያውን ቀን ሰልለው ይመጣሉ፣ እሱ እርጥብ ጋቢ ተከናንቦ ጣሪያ ለጣሪያ እየተንጠባጠበ ይከተላቸዋል። እንዴት እንዳሳቀን! አራተኛው ሲወጣ ከአንድ ትምህርት ቤት አቤቱታ ደረሰን። ልጆች የአባታቸውን ጋቢ እየለበሱ ከአጥር ላይ ይዘላሉ። ከዚያ በኋላ በየሽፋኑ ጀርባ «ከአጥር ላይ አትዝለሉ» የሚል ማሳሰቢያ ታከለበት።

ሰባተኛው የመጨረሻው እንዲሆን ተወሰነ፤ የለጋሾቹ ፕሮጀክት በ1999 ሰኔ ያበቃ ነበርና። ጋሽ አስገዶም መስከረም ላይ ጀምሮ ሚያዝያ ላይ ጨረሰው። እንዴት እንደሳለው ሁለት ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። አንዱን ሣጥን ይጨርስና ወደሚቀጥለው ለመሄድ ጣቱን መስመሩ ላይ እያንሸራተተ ይሻገራል። ሙሉ ገጹን በአንድ ጊዜ አይቶት አያውቅም።

እኔ የሥዕል ትምህርት የለኝም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ መዝገብ ቤት የገባሁ ሰው ነኝ። ቢሆንም ሰባተኛውን መጽሐፍ ከማንም በፊት ያነበብኩት እኔ ስለሆንኩ የመሰለኝን ልናገር። የመጀመሪያዎቹ ሃያ አራት ገጾች ከቀደሙት ያንሳሉ። የታሪኩ ክፉ ሰው የሆነው ደላላ ባርኔጣ በአንዱ ሥዕል ላይ ወደ ቀኝ፣ በሌላው ወደ ግራ ያዘነብላል። ሴቶቹ ሁሉ እህትማማች ይመስላሉ። ንግግሩም ይረዝማል፤ ይህ ግን የቢሮው ጥፋት ነው፣ መልእክት መልእክት እያለ በሰው አፍ ውስጥ መመሪያ ይጨምራል።

የመጨረሻዎቹ ስምንት ገጾች ግን ሌላ ናቸው። ባለ ጋቢው «የሰው ያለህ!» የሚል ጩኸት ሰምቶ ይሄዳል። ሲደርስ ጎረቤት ቀድሞታል። ወደ ሌላ ጩኸት ይሄዳል፤ እዚያም ቀድመውታል። ከዚያ ወዲያ ሙሉ ሰውነቱ አይታይም። በአንዱ ሥዕል የጋቢው ጠርዝ በግንብ ጥግ ሲታጠፍ ይታያል። በሌላው የባትሪው ብርሃን በቆርቆሮ አጥር ላይ ያልፋል። በሌላው እጁ የመጋዘኑ መቀርቀሪያ ላይ አርፏል። አንድም ቃል የለም። ሰፈሩ ራሱን መጠበቅ ሲጀምር ዘበኛው ማንም ሳያየው በቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ይሄዳል። እንዲህ የሳለው ሌላ አማራጭ ስለሌለው መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ሳነበው ገጹን መልሼ ገለጥኩ፤ የቀረ ነገር ካለ ብዬ ፈለግሁት። በስድስቱ መጻሕፍት እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ግንቦት ላይ የግምገማው ቀን ደረሰ። በማኅበራችን ደንብ ማንኛውም ኅትመት ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት በባለድርሻ አካላት መገምገም አለበት። ዘጠኝ ሰዎች ተጠሩ፤ ከክፍለ ከተማው፣ ከትምህርት ቤቶች፣ ከወላጆች። ሰብሳቢው የፕሮግራም ኃላፊያችን አቶ ዋቅጋሪ፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ጠዋት ደረጃው ላይ ጋሽ አስገዶምን ጠብቄ ክንዱን ያዝኩትና ምክር ሰጠሁት። ባልሰጠሁት ኖሮ!

«ጋሼ፣ እንደምታውቀው መጀመሪያ ግለሂስ ነው የሚያስወርዱህ። ጥፋት የለብኝም ያለውን ነው የሚያብጠለጥሉት። አንተ ቀድመህ አንድ ሁለት ነገር እመንላቸው፤ ከዚያ ይራሩልሃል።»

«ይህን ለእኔ ታስተምረኛለህ?» ብሎ ሳቀ። «በቀበሌ ስብሰባ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ዛሬ እንደ ድግስ ባለቤት ነው የምሆንላቸው።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ድግስ የደገሰ ሰው ጠረጴዛው ሞልቶ እያለ «ምንም አልሠራንም፣ ይቅርታ አድርጉልን» ይላል። እንግዳው ደግሞ «ኧረ ተትረፍርፏል!» ማለት አለበት። ራስን ዝቅ ማድረግ የአንዱ ድርሻ ነው፤ ማንሣት የሌላው።

ሻይና ቦንቦሊኖ ቀረበ። የውሎ አበል ተፈረመ። አቶ ዋቅጋሪ መነጽሩን ጠርጎ «እንግዲህ አርቲስት አስገዶም ከራሳቸው ይጀምሩልን» አለ።

ጋሽ አስገዶም ተነሣ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ነበር የቆመው፤ ሰዎቹ የተቀመጡት በስተቀኙ መሆኑን ልነግረው አልቻልኩም።

«ሥራው ብዙ ጉድለት አለበት» አለ። «በተለይ የመጨረሻዎቹ ስምንት ገጾች የተቆራረጡ ናቸው። ሙሉ ሰው የለባቸውም። ልጆች ሰባት ዓመት ሙሉ የጠበቁትን ጀግና በመጨረሻ ማየት ይፈልጋሉ፤ እኔ ነፈግኋቸው። ስንፍና ነው። እጄም ደክሟል። ከእኔ የተሻለ ሰው ቢሠራው ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ፈገግታ ቢጤ ነበረች፤ «ኧረ በጭራሽ» የሚለውን እየጠበቀ ነው። እኔም እየጠበቅሁ ነበር። የተሰማው ግን የእስክሪብቶ ድምፅ ነው። ዘጠኙም እየጻፉ ነበር።

አበል ፈርሞ ዝም ማለት ያስወቅሳል። ሁሉም አንድ አንድ ነገር መናገር ነበረበት፤ መጽሐፉን ያነበበው ደግሞ ጥቂት ነው። ጋሽ አስገዶም መናገሪያውን አዘጋጅቶ ሰጣቸው።

«አርቲስቱ ራሳቸው እንዳሉት፣ የመቆራረጥ ችግር ይታያል።»

«እኔም በአርቲስቱ ግለሂስ ላይ ልጨምር። ጀግናው የት ገባ? አንድ ልጅ ይህን አይቶ ምን ይማራል?»

«ማለቴ፣ ተስፋ መቁረጥ ያስተላልፋል። አርቲስቱ ስንፍና ነው ብለው በድፍረት ማመናቸው ግን ያስመሰግናቸዋል።»

ከካዛንቺስ አንድ ትምህርት ቤት የመጣችው መምህርት ፋኢዛ ብቻ ሌላ ነገር ተናገረች። «እኔ እነዚህን ገጾች ወድጃቸዋለሁ» አለች። «ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኳቸው። ሲሄድ አንጀቴን በላው።» ከዚያ ዙሪያዋን አየች፤ ማንም አላገዛትም። «ግን እንግዲህ ባለቤቱ ራሳቸው ካላመኑበት እኔ ምን እላለሁ?»

ይኼኔ መነሣት ነበረብኝ። ቃለ ጉባኤ ያዥ አስተያየት አይሰጥም የሚል ሕግ የለም። እኔ ግን መጻፌን ቀጠልኩ። ጋሽ አስገዶም እንደገና እጁን አወጣ። «ማለቴ፣ እኔ እኮ… ሥራው እንዳለ ቢታተም ቅር አይለኝም» አለ። አቶ ዋቅጋሪ «ትሕትናዎን አይተናል» ብሎ አስቀመጠውና አቅጣጫ አስቀመጠ። ስምንቱ ገጾች ይወጣሉ። በነሱ ፋንታ ሁለት ገጽ የሚሸፍን አንድ ትልቅ ሥዕል ይገባል፤ ባለ ጋቢው በሙሉ አካሉ ከካዛንቺስ በላይ ሲበር፣ ሕዝቡም ከታች ሲያውለበልብለት። የተረፈው ቦታ በልጆች መብት መልእክቶች ይሞላል። ጊዜው አንድ ወር። ካልደረሰ በኮምፒዩተር የሚሠራው ኪዱ የሚባለው ወጣት ይጨርሰዋል።

ሁለት ገጽ የሚያህል አንድ ሥዕል። በቁልፍ ቀዳዳ ለሚያይ ሰው ከዚህ የከፋ ፍርድ ከየት ይገኛል?

ሰዎቹ ለሻይ ሲበተኑ አቶ ዋቅጋሪ አጠገቤ ቆሞ አንድ ዐረፍተ ነገር አስጻፈኝ፦ «አርቲስቱ ጉድለቱን አምኖ ገጾቹ እንዲለወጡ በራሱ ፈቃድ በጠየቀው መሠረት…» ጻፍኩ። ወረቀቱ ለፊርማ ሲዞር ጋሽ አስገዶም ዘንድ ደረሰ። አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ቢያነበው ሁሉም ያውቁበታል። ወረቀቱን ክንዱን ዘርግቶ ያነበበ መሰለና ቀስ ብሎ «የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ጣቱን ይዤ ቦታው ላይ አሳረፍኩለት። ፈረመ።

ደረጃውን ስንወርድ «ምን ብለህ ጻፍከው?» አለኝ።

«ያሉትን ነው።»

«ምን አሉ?»

«በራስህ ጥያቄ እንዲለወጥ ነው የሚለው።»

አንድ እግሩን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቆመ። «እና አስፈረምከኝ?»

«ሰው ሁሉ እያየህ ነበር ጋሼ።»

በእግሩ ጫፍ ቀጣዩን ደረጃ ፈልጎ አገኘና ወረደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሦስት ሳምንት ያህል አልሄድኩበትም፤ አፍሬ። በኋላ አምሳለ ቢሮ ድረስ መጣች። «ወንድሜ አምኃ፣ እህል አልቀመስም ብሏል። ክር ግዢልኝ ብሎኝ ግድግዳው ላይ ሲወጥር ነው የሚውለው። እባክህ ና።»

እሑድ ከቀትር በኋላ ሄድኩ። ትልቅ ወረቀት በግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በላዩ ላይ ጥቁር ክር ወዲያና ወዲህ ተወጥሮ አርባ ስምንት ካሬ ወጥቶለታል። የድሮውን የአደባባይ ምስል አሠራር ነው የቀጠለው። አራት ፎቅ የሚያህል ፊት በካሬ በካሬ ከተሠራ ሁለት ገጽ ለምን አይሠራም ብሎ አስቧል። ልዩነቱ ያኔ ከታች ቆሞ «ወደ ግራ! ወደ ላይ!» የሚል ሰው ነበር።

«መጣህ?» አለኝ ሳይዞር። ባለፈው እንደተቀያየምን የሚያሳይ ነገር አልነበረውም። «አርባ ሰባት ካሬ ጨርሻለሁ። ቁጭ በል፣ አትንካ።»

አምስት ቀን ቀርቶታል። የቀረችው የዓይኑ ቀዳዳም በዚያ ሳምንት ጠብባለች፤ ራሱ አልነገረኝም፣ ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ለመንከር ሁለት ጊዜ ጠርዙን ሲመታ አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ካሬ ዘጋ። ክሮቹን አንድ በአንድ ፈታ። እጁን በሱሪው ጠርጎ ከግድግዳው ራቀና ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጠው፤ ቢዞርም ሙሉውን አያየውምና።

«ገጠመ?» አለኝ።

አየሁት። እያንዳንዱ ካሬ ለብቻው እንከን የለውም። የኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ያለው መስቀል ከነቅርንጫፉ ተስሏል። አንዲት ሴት በረንዳ ላይ የሰጣችው በርበሬ ፍሬ ፍሬው ይቆጠራል። ነገር ግን ጉልላቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር አልተገናኘም። መንገዱ መሐል ላይ ተቆርጦ ከታች በሌላ በኩል ይጀምራል። ባለ ጋቢው አንድ ትከሻው በላይኛው ካሬ ሌላው ሁለት ካሬ ዝቅ ብሎ ነው፤ ግራ እጁ ጭንቅላቱን ያህላል። ከወደቀ በኋላ የተለጣጠፈ ሰው ይመስላል።

አምሳለ ከኋላው ቆማለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ እንዳትነግረው ማለቷ ነው።

«ገጠመ ወይ ነው የምልህ፣ አንተ!»

በግምገማው ቀን ዝም ብዬ ያደረግሁት ታወሰኝ። «አልገጠመም ጋሼ» አልኩ።

አምሳለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«የት ላይ?»

«ትከሻው ላይ። መንገዱም።»

«ትከሻው ምን ያህል ነው የሳተው?»

«ሁለት ካሬ ያህል።»

«ሁለት ካሬ!» ወደ ሥዕሉ ዞረ። «ሁለት ካሬ እኮ ሌላ ሰው ነው። ያንን ጆሮ ስሠራ በአንድ ጣት እንኳ አልሳትኩም።» ወደ ግድግዳው ሄዶ በመዳፉ ሥዕሉን ዳበሰው፤ ቀለሙ አልደረቀምና የሴትዮዋ በርበሬ በጣቱ ተነሣ። «አሳየኝ። እጄን ያዝና አሳየኝ።»

እስኪመሽ እጁን ይዤ ትከሻውን ከትከሻው ጋር ለማገናኘት ሞከርን። እኔ መሣል አልችልም፣ እሱ ማየት አይችልም። ትከሻውን ስናስተካክል አንገቱ ሄደ። በቀሩት ቀናት ወረቀት ቀይሮ ሁለት ጊዜ እንደገና ጀመረው፤ በመጨረሻው ላይ ከአሥረኛው ካሬ አላለፈም።

በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ሸሚዙን ቀይሮ፣ አምሳለን ተደግፎ፣ አቶ ዋቅጋሪ ቢሮ ገባ። እኔ ፋይል ይዤ ተከትዬ ገባሁ። ለሁለት ዓመት የደበቀውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። «ዓይኔ ጠፍቷል። የታዘዝኩትን መሣል አልችልም። ስንፍና አልነበረም፤ ያን ቀን ስንፍና ነው ያልኩት ለወጉ ነው። ስምንቱን ገጾች እንዳሉ አትሙልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

አቶ ዋቅጋሪ ክፉ ሰው አይደለም። ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ያዘው። «ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩን?» አለ፤ ከልቡ ነበር። «ቃለ ጉባኤው ለለጋሾቹ ተልኳል። በራስዎ ጥያቄ ነው ይላል፤ ፊርማዎም አለበት። አሁን ብመልሰው ማተሚያ ቤት ሳይገባ ፕሮጀክቱ በሰኔ ይዘጋል፤ ያኔ መጽሐፉ ጭራሽ አይታተምም። ግን አይዞዎት፣ ስምዎ አይነካም። ኪዱ ቢጨርሰውም ሽፋኑ ላይ የእርስዎ ስም ብቻ ነው የሚወጣው። ቃሌ ነው።»

ጋሽ አስገዶም «አመሰግናለሁ» አለ። ሌላ ምን ይላል?

ክረምቱን ከተማው ለሚሌኒየሙ ሲቀባባ ከረመ። ከደምበል እስከ ካዛንቺስ ታፔላ ያልታደሰለት ሱቅ አልነበረም። ብሩሽ የጨበጠ ሁሉ ሥራ በዝቶበታል። ጋሽ አስገዶም ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የቀለሙን ሽታ ያሸታል። «ይሄ ዘይቱ በዝቷል፣ ዝናብ ያወርደዋል» ይላል። ነሐሴ ሲገባ ቀዳዳዋም ተዘጋች፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ቀረለት።

መጽሐፉ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወጣ። አንድ ቅጂ ይዤለት ሄድኩ። ባልወስድለት ሌላ ሰው ሊወስድለት ነው። አምሳለ ምስር እየለቀመች ነበር። ጋሽ አስገዶም መጽሐፉን ተቀብሎ አሸተተው፣ በአውራ ጣቱ ገጾቹን አገላበጠ፣ መለሰልኝ።

«በል እንገምግመው» አለ። «መጨረሻውን ክፈት።»

ከፈትኩ። «ሁለቱን ገጽ ይዞታል። ባለ ጋቢው መሐል ላይ ነው፣ እጁን ወደ ፊት ዘርግቷል። ከታች ካዛንቺስ ነው።»

«ካዛንቺስ መሆኑን በምን አወቅህ?»

አየሁት። ረጃጅም የመስታወት ሕንፃዎች ናቸው፤ የትም ሊሆን ይችላል። «ተጽፎበታል» አልኩ።

«ተጽፎበታል!» ጮክ ብሎ ሳቀ። «አምሳለ ሰማሽ? ካዛንቺስ ብሎ ጻፈበት! ኡራኤልስ የት ጋ ነው?»

«የለም።»

«ሰዎቹስ? ስንት ናቸው?»

«ብዙ ናቸው። ግን…» ጠጋ ብዬ አየሁ። «አንድ ሰው ነው መሰለኝ፣ ደጋግሞ ነው ያስቀመጠው።»

«ትከሻው ገጥሟል?»

«ገጥሟል» አልኩ። እውነት ነውና።

ራሱን ነቀነቀ። «እግሩስ?»

«የማን?»

«የባለ ጋቢው ነዋ!»

«ጋቢው ሸፍኖታል።»

«አሃ! እግር መሣል ያቃተው ሠዓሊ ነው ልብስ የሚያስረዝመው። አጎቴ እንዲህ ያለውን በብሩሽ እጀታ ነበር የሚመታው።» ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ልጆቹስ? ምን አሉ?»

እንዳይጠይቀኝ ስጸልይ የነበረው ይህን ነው። መምህርት ፋኢዛ የጎረቤቶቿን ልጆች ሰብስባ አሳይታቸው ኖሮ፣ ስልክ ደውላ ነግራኛለች። «ወደዱት ጋሼ። የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ አጨበጨቡ።»

አምሳለ እጇን ምስሩ ውስጥ እንደከተተች ቀረች። እሱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ «ሽፋኑ ላይ የሳለው ማን ይላል?» አለኝ።

«ያንተ ስም ነው። አቶ ዋቅጋሪ እንዳለው።»

«የኪዱስ?»

«የለም።»

«ያ እግር የለሽ ሰውዬ የእኔ ነው ማለት ነው? ያ የተባዛው ሕዝብ የእኔ ነው?» በመዳፉ ጉልበቱን መታ። «ስምንቱን ገጾች ማንም አላያቸውም። ይኼን ግን ሁሉም የእኔ ነው ብሎ ያየዋል። እስክሪብቶ አለህ?»

«አለኝ።»

«ስሜን አጥፋው።»

አምሳለ «ኧረ ተው፣ ስምህ እንኳ ይቅርልህ» አለች። አልሰማትም። ሽፋኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በጥቁር እስክሪብቶ «አስገዶም» የሚለውን እየደጋገምኩ ሰረዝኩ። ወረቀቱ የሚያንሸራትት ስለሆነ ቀለሙ አልይዝ እያለ አስቸገረኝ፤ ተጫንኩት።

«አጠፋኸው?»

«አጠፋሁት።»

እጁን ሰዶ በጣቱ ቦታውን ዳበሰ። የእስክሪብቶው ቦይ ተሰማው መሰለኝ።

«ስንት ነው የታተመው?»

«አምስት ሺህ።»

«በል እንግዲህ፣ የቀሩትን ነገ አምጣቸው።»

የሚቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እጁ ግን ወደ እኔ ተዘርግቶ እስክሪብቶውን እንድሰጠው ይጠብቅ ነበር።